ትንፍሽ የማይል

ሐይቁ በረዶ ሊለብስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣
ጀልባይቱን ጎትተን ከግንድ ላይ አሳረፍናት፤ ዘመም ያለ ጎኗን አየነው።
ሁለት ረጃጅም የአሉሚኒየም ቱቦ፣ እንደ መንታ ዓሣ፣
በጋውን ሙሉ ያዘሉ ሰው፣ ውሻ፣ የቢራ ካሳ።
የቀኙ ባዶ ነው፤ በጣት ሲኳኳ ይመልሳል እንደ ደወል፤
የግራው ግን፣ በአፉ ውሃ እንደ ያዘ ሰው፣ «እምም» ብቻ ይላል።
ጎኑ ላይ ስርጉድ አለ፣ የሾርባ ሳህን የሚያህል፤
ከየትኛው ድንጋይ ተላተምክ? ቢሉት ትንፍሽ አይል።

በሰሜን ሚኔሶታ፣ በእኛ ዳርቻ፣
ወንዱም ጀልባውም እንዲህ ነው፤ የሚያወራ ነፋስ ብቻ።
አጎቴ ኦርቪል ስለ ወንድሙ፣ ስለ ሩበን፣
አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ቃል አልነገረን።

የአክስቴ ልጅ ዳረል መጣ፣ ኮምፕረሰሩን እየጎተተ፤
«ሞልታችሁ ንፉት! ስርጉዱ ራሱ ፈንጥሮ ይወጣል» አለ፣ በሳቅ እየሞተ።
አጎቴ መሰኪያውን ነቀለ። አልተቆጣም።
«ይህ የመኪና ጎማ አይደለም» አለው፤ «ስስ ቆርቆሮ ነው፤
ሊፈነዳ ሲል ደብዳቤ ልኮ አይመጣም።»

ብሎኑን ፈታን።
የቆየ ሐይቅ ወጣ፣ የበሰበሰ ቅጠል የሚሸት፣
ሁለት ባልዲ፣ ሦስት፣ ከዚያ ጠብታ እስከ ማምሻ ሰዓት።
ሁለት ቀን አፉን ከፍተን ለነፋስ ተውነው።

በሦስተኛው ግልጽ የፕላስቲክ ጎማ አጥፎ ጋራዡ ግድግዳ ላይ ሰቀለ፣
ግማሹን ውሃ ሞላው፤ አንድ ጭረት ከታች፣ ክንድ ከስንዝር ለካና
አንድ ጭረት ከላይ፣ በእርሳስ ጣለ።
የብስክሌት መንፊያ ሰጠኝ፤
«ካይሳ፣ አንዱ እግር ከሌላው ይህን ያህል ሲበልጥ እጅሽን አንሺ፤
ከቱቦው ጫፍ ፊት ለፊትም አትቁሚ፤ ወደ ጎን፣ ወደ ጎን ሽሺ።»

ዳረል ባልዲ ያዘ፤ የዕቃ ሳሙና፣ የቀለም ብሩሽ፤
ስፌቱን ቀባነው፣ እንደሚላጭ ጺም፣ ስንሄድ፣ ስንመለስ፣ ስንፈትሽ።
ምንም።
አሁንም ምንም።
ከሦስተኛው ቅንፍ ሥር ግን፣ ፀጉር በምታህል የብየዳ ስንጥቅ፣
አረፋ ፈላ፤ እንደ ዓሣ እንቁላል፣ ነጭ፣ ረቂቅ።
«ተነፈሰ!» አልኩ።

አጎቴ ዙሪያውን አድርቆ በጠመኔ ከበበው። ጎንበስ እንዳለ፣
ለእኛ ሳይሆን ለአረፋው፣
«ሩበን ጫፉ ጋ ነበር» አለ።
«አየሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ቸኩለን ነበር፤ ቅዳሜ ነበር።
ክዳኑ ሲወነጨፍ አላየሁም። ባርኔጣውን ብቻ
ሐይቁ ዳር ውሃው ላይ አየሁት፣ ሲዞር።»
ከዚያ አፍንጫውን ጠረገ፣ ጠመኔውን ኪሱ ከተተ።
ዳረል የኮምፕረሰሩን ገመድ ከመዳፍ እስከ ክርን መጠቅለል ጀመረ፤
ጠቅልሎ ሲጨርስ ፈታው፣ እንደገና ጠቀለለው።

እሳቱ በማግስቱ ነው የመጣ። ሌሊቱን በማራገቢያ አስነፍሶት አደረ፣
ቤንዚን አሸተተ፣ አሽትቶም አላመነ፣ እንደገና ጨመረ።
አፉን ክፍት ትቶ ስንጥቁን እስኪያብረቀርቅ ፍቆ
በየደው፤ እኛ ፊታችንን አዙረን፣ ጥላችን ግድግዳው ላይ ሰማያዊ ሆኖ፣ ርቆ።
ስርጉዱ ላይ ትንሽ ጉጥ ተከለ፣ በተንሸራታች መዶሻ ሳበ፣
ጠቅ፤ ቆም፤ ጠቅ፤ የሕፃን ጥርስ እንደሚነቅል፣ እያሰበ።
የሾርባ ሳህኑ የቡና ሲኒ አከለ። እዚያ ላይ መዶሻውን አኖረ።
«ይቺ ትቅር፤ ውሃ አታስገባም።»
ጭረቶቹም ቀሩ፣ ጋራዡ ውስጥ፣ ክንድ ከስንዝር ተራርቀው፤
እንግዳ ሁሉ ቆም ይላል፤ «የየትኛው ልጅ ቁመት ነው?»
እኔ አፌን ሳልከፍት ኦርቪል ከኋላ፦
«የትንፋሽ።»